የቀኙ ወንበር፦ የበረራ መምህርነት በኢትዮጵያ

በአገራችን በቆየው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት አንድ ተማሪ ቅኔውን ስለ ዘረፈ ወይም ዜማውን ስለ ዘለቀ ብቻ መምህር አይባልም። የተማረውን በመምህሩ ፊት አስመስክሮ፣ ተመርቆ ሲሰናበት ነው ወንበር ለመትከል የሚበቃው። የሊቃውንት መናኸሪያ የነበረችው ጎንደር ለብዙ ዘመን የኖረችው በዚህ ሥርዓት ነው። ማወቅ አንድ ነገር፣ ማሳወቅ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን አባቶች አስቀድመው ስለ ተረዱት ለሁለቱ ልዩ ልዩ ፈተና አበጁላቸው።

ይህ ጥንታዊ ማስተዋል ለእኛ ሙያ ባዕድ አይደለም። መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን በሚቀመጡበት ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ የግራው ወንበር የተማሪው፣ የቀኙ ወንበር የመምህሩ ነው። በግራው ወንበር በመቶ የሚቆጠር ሰዓት የበረረ ሰው ወደ ቀኙ ሲዛወር፣ ርቀቱ ቢለካ ከአንድ ክንድ እምብዛም አይበልጥም፤ ኃላፊነቱ ቢመዘን ግን ሌላ ሙያ ውስጥ እንደ መግባት ይቈጠራል።

የበረራ ታሪካችን ሲተረክ ዘወትር የሚነሣው የመጀመሪያው አውሮፕላን መቼ እንደ ገባና የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች እነማን እንደ ነበሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያ ለየት ይላል። በየዘመኑ ያስተማረው ማን ነበር? መምህሩ ሲሄድስ ምን ቀረ? በጸሐፊው እምነት አንድ አገር የበረራ ባለቤት ሆነ የሚባለው አብራሪ ስላለው ሳይሆን፣ አብራሪ የሚያፈራ የራሱ መምህር ሲኖረው ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ታሪክም ይህንኑ የሚያስረዳ ይመስላል።

መምህርን ማስተማር እንዴት ተጀመረ?

አውሮፕላን በተፈለሰፈባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የበረራ ትምህርት ወግና ሥርዓት አልነበረውም። መብረር የቻለ ሰው ሁሉ ማስተማር ይችላል ተብሎ ይታመን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የዚህ እምነት ዋጋ በሰው ሕይወት ተከፈለ። ከጦር ግንባር ደክመው ወይም ቆስለው የተመለሱ አብራሪዎች ሳይወዱ በግድ መምህር ይደረጉ ነበር፤ ብዙ ወጣቶችም ጠላት ሳያዩ በትምህርት ሜዳ ላይ ሞቱ።

ይህን ሁኔታ የለወጡት ሮበርት ስሚዝ ባሪ የተባሉ እንግሊዛዊ መኰንን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 በደቡብ እንግሊዝ በጎስፖርት ሜዳ ላይ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ተግባሩ ጀማሪን ማስተማር ሳይሆን መምህራንን ማስተማር ነበር። ሐሳባቸው በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛ፣ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዋናው አብራሪ ቦታ ተቀምጦ መሪውን ራሱ ይጨብጥ፤ መምህሩም ሁለተኛ መሪ ይኑረው። ሁለተኛ፣ አደገኛ የተባለው ነገር ሁሉ፣ አውሮፕላን እየተሽከረከረ መውደቅን ጭምር፣ ከተማሪው አይሸሸግ፤ ይልቁንም በበቂ ከፍታ ላይ መምህሩ አጠገቡ እያለ ይየው፣ መውጫውንም ይማር። ሦስተኛ፣ መምህሩ የሚያደርገውን በቃል መግለጽ ይቻል፤ እጁ በሚሠራበት ቅጽበት አንደበቱም ያንኑ ይናገር። ለዚሁም በጩኸቱ መካከል ድምፅ የሚያስተላልፍ የጎማ ቱቦ በመምህሩና በተማሪው መካከል ተዘረጋ።

ዛሬ በየትኛውም አገር የሚሰጥ የበረራ መምህርነት ሥልጠና ሥሩ ሲመረመር ከዚህ ሜዳ ይነሣል። ፍርሃትን በዕውቀት ማሸነፍ፣ ስሕተትን በጊዜው ማረም፣ የእጅን ሥራ በቃል መተርጐም የሚሉት ሦስቱ መሠረቶች አልተናወጡም።

የመጀመሪያዎቹ መምህራን በአገራችን

ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፕላንን በቅርብ ያዩት በ1915 ዓ.ም. ወደ ኤደን በሄዱ ጊዜ ነው። በዚያ የእንግሊዝ አየር ኃይል ባሳየው ትርኢት ስለ ተደነቁ ራሳቸውም ተሳፍረው በረሩ። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን በአንድሬ ማዬ አብራሪነት ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አረፈ። ብዙም ሳይቆይ የጀርመኑ ዩንከርስ ደረሰ። ትምህርትም ወዲያው ተከተለ፤ በፈረንሳውያን መምህራን እጅ ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከል ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ስማቸው ይጠራል።

የእነዚያ ዓመታት አውሮፕላኖች መቀመጫቸው ፊትና ኋላ ነበር። መምህሩ የተማሪውን ፊት አያይም፤ ተማሪውም የመምህሩን እጅ አያይም። በዚህ ላይ የቋንቋ ልዩነት ሲጨመር፣ በሞተር ጩኸትና በነፋስ ፉጨት መካከል የሚተላለፈው ትምህርት ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ ባልደረቦቻችን ለመገመት አይቸገሩም።

ማብረርና ማስተማር ሁለት መሆናቸውን ያሳየ ክስተትም በዚሁ ዘመን ደረሰ። ሁበርት ጁልያን የተባሉት በሃርለም ታዋቂ የነበሩ ጥቁር አብራሪ ወደ አገራችን መጥተው በቤተ መንግሥት መልካም አቀባበል ተደርጎላቸው ነበር። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ የዘውድ በዓሉ ሊከበር ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት፣ ጂፕሲ ሞዝ የተባለችውን የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አውሮፕላን አንሥተው ሲበሩ ወድቃ ተሰበረች፤ እሳቸውም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ጁልያን ድፍረት አልጐደላቸውም። ለትምህርት የሚያስፈልገው ግን ድፍረት ብቻ አልነበረም።

ከአምስት ዓመት በኋላ የመጡት ጥቁር አሜሪካዊ ይህን ጒድለት የሞሉ ሰው ነበሩ። ጆን ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት መምህር ነበሩ። በቺካጎ የሚገኘው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በቀለማቸው ምክንያት አልቀበልም ቢላቸው፣ በዚያው ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ትምህርቱን ከዳር ቆመው አዳመጡ። በመጨረሻ ከጓደኛቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ገብተው ተመረቁ፤ ከዚያም በዚያው ትምህርት ቤት እንደ እነሱ በቀለማቸው የተነሣ በር የተዘጋባቸውን ወጣቶች አስተማሩ። በአቅራቢያውም በሮቢንስ መንደር የራሳቸውን የአውሮፕላን ሜዳ አዘጋጁ። እንዲህ ያለ ሰው ዕውቀትን የሚያየው ለሌላው እንደሚተላለፍ አደራ አድርጎ ነው።

ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሰው ብዙም ሳይቆዩ በኮሎኔልነት ማዕረግ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ። በእጃቸው የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂቶችና በአብዛኛው መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ለማስተማር ያገኙትም ጊዜ እጅግ አጭር ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብ እሳቸው በዚያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዋና ከተማዋና በጦር ግንባሮቹ መካከል መልእክት ማመላለስ ዋና ተግባራቸው ሆነ።

የተቋረጠው ትምህርት

በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል ላለው ሕዝብ አውሮፕላን የታወቀው ከትምህርት ጋር ሳይሆን ከጦርነት ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. ከሽሬ ጦርነት በኋላ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገውን የራስ እምሩን ሠራዊት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ መሻገሪያዎች ላይ በቦምብና በእሳት ፈጁት። ወዲያውም የጠላት ጦር ጎንደርን ያዘ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች።

ለሙያችን ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ወረራው ያጠፋው ጥቂት አውሮፕላኖችን ብቻ አይደለም፤ የማስተማርን ሰንሰለት ነው የበጠሰው። ሮቢንሰን ከአገር ወጡ። የሠለጠኑት ወጣቶች ለተከታዮቻቸው የሚያስተምሩበት ጊዜ ሳይመጣ ተበተኑ። ከጦርነቱ በፊት በረራ መማር የጀመሩት ወይዘሮ ሙሉመቤት እምሩም ትምህርታቸው በዚሁ ምክንያት ተቋረጠባቸው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ፣ በመሪነት ወንበር ላይ የተቀመጡት እ.ኤ.አ. በ2010 መሆኑን ስናስብ፣ የአንድ መቋረጥ ዋጋ በትውልድ እንደሚቈጠር እንረዳለን። አውሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ በገንዘብ የማይገዛው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ የሚተላለፈው ልማድ ነው።

ሁለተኛው ጅማሮ

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ሥራው እንደገና ከሥር ተጀመረ። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ተመልሰው ወጣቶችን ማሠልጠን ቀጠሉ። ቀጥሎ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን መጡ። እሳቸውም ለአገሩ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጥተው በትንሽ አውሮፕላን ቁስለኛና መድኃኒት ሲያመላልሱ የነበሩ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል የአየር ኃይሉን ሥልጠና መሩ፤ የሥልጠናውም ማዕከል ቢሾፍቱ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ለማስተማሪያ የመጣው ሳፊር የተባለው የስዊድን አውሮፕላን ነው። ፎን ሮዘን ከእነዚህ አንዱን በግንቦት 1939 ዓ.ም. ከስቶክሆልም አንሥተው የትም ሳያርፉ ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ በረው ከ30 ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ አረፉ። ይህ በረራ በብዙዎች ዘንድ በጀብዱነቱ ይታወሳል። ለመምህሩ ግን ከጀብዱው ይልቅ የአውሮፕላኑ የውስጥ አሠራር ትርጉም ነበረው። በሳፊር ውስጥ መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መምህሩ የተማሪው እጅ ሲጨመደድ፣ ዐይኑ በአንድ መሣሪያ ላይ ሲተክል፣ ትንፋሹ ሲያጥር ማየት ቻለ። ከኋላ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ሰው መቀመጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቦታ የሌላውን ትምህርት እየተመለከቱ ለመማር ይመቻል። የቀኙ ወንበር በአገራችን ሥልጠና ትርጉም ያገኘው ከዚህ ዘመን ጀምሮ ነው ለማለት ይቻላል።

በሲቪሉም በኩል እንዲሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አብራሪዎቹም አስተዳዳሪዎቹም ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ የመጡ ነበሩ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ተደረገ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በመሪነት ወንበር ላይ የተቀመጡት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

የእነዚህን ዓመታት ቅደም ተከተል አንባቢ ልብ ይበል። በመጀመሪያ አውሮፕላኑ፣ ቀጥሎ አብራሪው፣ ቀጥሎ ካፒቴኑ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ መጣ። ከሁሉም በኋላ የሚበስለው ፍሬ በዚያ ትምህርት ቤት በቀኙ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የአገር ልጅ ነው። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ወጣቶችን ጭምር ያሠለጥናል። ከሌላው የተማረ አገር ለሌላው ለማስተማር በቃ ማለት ነው።

መምህሩን ተራራው ሲያስተምረው

የራስ መምህር ማስፈለጉ የክብር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታሰብ፣ የአገራችንን መልክዐ ምድር ማስታወስ ይበቃል። የበረራ መማሪያ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት በባሕር ጠለል አጠገብ በሚበርሩ ሰዎች ነው። የእኛ ሜዳዎች ግን ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ቦሌ 2,334 ሜትር፣ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ፣ የጎንደር አየር ማረፊያ 2,000 ሜትር ገደማ ከባሕር ጠለል በላይ ይገኛሉ። በመደበኛ የአየር ሁኔታ በቦሌ ከፍታ ያለው የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በደባርቅ ከፍታ፣ በ2,850 ሜትር ገደማ፣ ሦስት አራተኛ ይሆናል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል።

የዚህ ትርጉም በትምህርት ላይ እንዴት እንደሚታይ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው ለማረፍ ሲቃረብ የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት ያሳየው እንበል። በቦሌ ከፍታ አውሮፕላኑ በእውነት የሚጓዘው በ73 ኖት ያህል ነው። መሬቱ ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ ከሥሩ ሲሸሽ ሲያይ ተማሪው ፍጥነቱ የበዛ ይመስለውና የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ ይስባል፤ ፍጥነቱም በእውነት ይወድቃል፣ ክንፉም መሸከም ያቅተዋል። ዐይን እውነት ተናግሮ ሰውን የሚያሳስትበት ጊዜ ይህ ነው። መሬት ከነካም በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት በባሕር ጠለል ከሚፈጀው በሩብ ያህል ይበልጣል። ዐይኑ በቆላ ሜዳ የሠለጠነ መምህር ይህን በመጽሐፍ ያውቀው ይሆናል፤ የተማሪውን እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ለመጠበቅ ግን በደጋው ላይ የለመደ መምህር ያስፈልጋል።

ወደ ሰሜን ተራሮች ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት ላይ ወደ ደባርቅ የሚበርር ትንሽ አውሮፕላን፣ መሬቱ ራሱ ከ800 ሜትር በላይ አብሮት ይወጣል። ከደባርቅ ወዲያ ተራራው ይቀጥልና አምቢኮ ከ3,000 ሜትር በላይ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ የቆመው ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ለትምህርት እጅግ የተለመደችው ሴስና 172፣ እንደየዓይነቷ፣ መውጣት የምትችለው የመጨረሻ ከፍታ ከ4,000 እስከ 4,300 ሜትር ገደማ መሆኑን የሙያ ባልደረቦቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ በዓለም ላይ እልፍ አእላፍ አብራሪዎችን ያስተማረችው አውሮፕላን የአገራችንን ከፍተኛ ተራራ በላዩ ማለፍ አትችልም። የአምቢኮ ገበሬ በእግሩ የሚወጣበትን ቦታ እሷ በክንፏ አትደርስበትም።

የአምቢኮ ሰው ግን በየቀኑ አንድ የበረራ ትምህርት ያያል። ጆፌ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ በገደሉ ፊት ሽቅብ ይወጣል። ረፋድ ላይ ፀሐይ የቆላውን አየር ስታሞቀው፣ አየሩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚታየውን ገደል ተከትሎ ወደ ላይ ይፈስሳል፤ አሞራውን የሚያነሣው ይኸው ነው። በአንዱ በኩል የሚያነሣ ነፋስ ካለ ግን ከተራራው ጀርባ የሚጥል ነፋስ አለ። አሞራው ይህን ያውቃል፤ ተማሪው መማር አለበት። ተራራማ አገር የሚበርር አብራሪ ከሚማራቸው ደንቦች መካከል ጥቂቶቹ እነሆ፦ ማለዳ ብረር፤ ሸለቆ ውስጥ ስትገባ መካከሉን ሳይሆን አንዱን ዳር ያዝ፣ ለመዞሪያ የሚሆን ስፋት እንዲተርፍህ፤ መሬቱ ከአንተ ፈጥኖ የሚወጣ ከሆነ ገና ቦታ ሳለ ተመለስ። እነዚህ ደንቦች ከሰው ሕይወት የተቀዱ ናቸው። ደንቡን በቃል ማስጠናት ቀላል ነው፤ ተማሪው ሳያፍር የሚመለስ አብራሪ እንዲሆን ማድረግ ነው ከባዱ የመምህር ሥራ።

ወንበሩ የሚጠይቀው

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሙያ ፈቃድን በሚመለከተው አንደኛው አባሪው ላይ ለበረራ መምህር የሚያስፈልገውን ዕውቀት ዘርዝሮ አስቀምጧል። የማስተማር ዘዴ፣ ሰው እንዴት እንደሚማር መረዳት፣ ትምህርትን ማቀድ፣ ተማሪን መመዘን፣ የተማሪን ስሕተት መርምሮ ማረም፣ የሰው ችሎታና ድካም፣ እንዲሁም ብልሽትን በማስመሰል ላይ ያለው አደጋ በዚያ ውስጥ ይገኛሉ። አንባቢ እንደሚያስተውለው ከዝርዝሩ አብዛኛው ስለ አውሮፕላን ሳይሆን ስለ ሰው ነው።

በተግባር ሲታይ ዕጩው መምህር በመጀመሪያ የራሱን እጆች እንደገና ማስተማር አለበት። በግራው ወንበር ቀኝ እጁ የሞተሩን ኃይል፣ ግራ እጁ መሪውን ይዞ ኖሯል፤ በቀኙ ወንበር ይህ ይገለበጣል። ዋና ዋናዎቹ መለኪያዎች በግራ በኩል ስለሆኑ ከጎን አሻግሮ ማንበብ ይኖርበታል። የማኮብኮቢያው መካከለኛ መስመርም ከዚህ በኩል ሲታይ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ የጎስፖርቱ ፈተና ይመጣል፤ እጅ የሚሠራውን አንደበት በዚያው ቅጽበት መናገር አለበት። ብዙ ጎበዝ አብራሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው አያውቀውም።

ከሁሉም የሚከብደው የጣልቃ ገብነት ልክ ነው። መምህሩ ቶሎ መሪውን ከያዘ ተማሪው ስሕተቱን አያየውም፤ ዕድሜ ልኩንም ሌላ ሰው ያድነኛል ብሎ ይጠብቃል። ከዘገየ ደግሞ ሁለቱም ይጠፋሉ። በዝቅተኛ አገር የሞተር መጥፋትን ለማስመሰል ኃይል የቀነሰ መምህር ተማሪውን እስከ ዝቅተኛ ከፍታ ድረስ ሊጠብቅ ይችል ይሆናል። በደጋችን ግን ሞተሩ ሙሉ ኃይል ቢሰጠውም የሚያነሣው በዝግታ ስለሆነ፣ መምህሩ ልምምዱን ቀደም ብሎ ማቆም አለበት። የሌላ አገር ልክ ለእኛ ልክ አይሆንም።

በመጨረሻም መምህሩ ከአውሮፕላኑ የሚወርድበት ቀን ይመጣል። ተማሪው ብቻውን ሊነሣ ነው። አንድ ሰው ስለጐደለ አውሮፕላኑ ቀልሎ ከወትሮው ፈጥኖ እንደሚነሣ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ከዚያም በሩን ዘግቶ በሜዳው ዳር ይቆማል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ለተማሪው የሚደርስለት ቀድሞ የተማረው ብቻ ነው። በዚህች ውሳኔ ላይ የሚፈርመው ማንም ሌላ ሳይሆን መምህሩ ራሱ ነው። በቤተ ክህነቱ ሥርዓት ማስመስከር የምንለው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በዚህኛው ሐሰተኛ ምስክርነት የሚገለጠው በደቂቃዎች ውስጥ መሆኑ ነው።

አደራው

የመጀመሪያዎቹ መምህራን ፍጻሜ ምን እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ኮሎኔል ሮቢንሰን መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. በትንሽ አውሮፕላን ሲበርሩ በደረሰባቸው አደጋ ቆስለው መጋቢት 18 ቀን በአዲስ አበባ ዐረፉ። ፎን ሮዘን በ1966 ዓ.ም. በረኀቡ ጊዜ ተመልሰው በትንንሽ አውሮፕላኖች ለተራበው ሕዝብ እህል ከአየር አወረዱ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ በጦርነት መካከል ተገደሉ። ሁለቱም ከትንሽ አውሮፕላን አልራቁም፤ ሁለቱም ሕይወታቸው ያለፈው በዚህችው አገር ነው።

በዛሬው ጊዜ የሚያሳስበው ሌላ ነው። በዓለም ዙሪያ የቀኙ ወንበር ወደ ትልቁ አውሮፕላን መውጫ ደረጃ ሆኗል። ወጣቱ አብራሪ የበረራ ሰዓት ለመሙላት ያስተምራል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይሄዳል። በሄደ ቁጥርም ማስተማር ሊገባው የተቃረበ ሰው ወጥቶ ገና ጀማሪው ይተካል። ውጤቱ ልምድ የሌለው ልምድ የሌለውን የሚያስተምርበት ሥርዓት ነው። ማንንም ወደ ተሻለ ቦታ አትሂድ ለማለት አይቻልም፤ ልጆች ያሉት ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ወንበሩ ማለፊያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ማድረግ የሚቻለው በሙያው ባለቤቶች ነው።

ለዚህ ሦስት ነገሮችን ለባልደረቦቻችን እናሳስባለን። የመጀመሪያው፣ የመምህርነት ማዕረግ ከካፒቴንነት ማዕረግ ጋር በክብርም በጥቅምም ይመዛዘን። ሁለተኛው፣ በትልልቅ አውሮፕላኖች የሸበቱ አብራሪዎች በየዓመቱ ጥቂት ሳምንት ወደ ትንሿ አውሮፕላን ተመልሰው ከወጣት መምህራን ጎን ይቀመጡ። ሦስተኛው፣ ስለ አገራችን ሜዳዎችና ተራሮች፣ ስለ ሊማሊሞ አፋፍ ነፋስና ስለ ደጋው ቀትር፣ በመምህራን አፍ ብቻ ያለው ዕውቀት በአማርኛ ተጽፎ ይቀመጥ። በአፍ ብቻ ያለ ትምህርት በ1928 ዓ.ም. ምን እንደ ደረሰበት አይተናል።

ሊቁ ወንበር ሲተክል የሚታሰበው ስለ ራሱ ሊቅነት አልነበረም፤ ከእሱ በኋላ ያ ወንበር ባዶ እንዳይሆን ነው። የሙያችንም ዕድሜ የሚለካው በሜዳው ላይ በተሰለፉት አውሮፕላኖች ብዛት ሳይሆን፣ ነገ ጧት በትንሿ አውሮፕላን ቀኝ ወንበር ላይ በሚቀመጠው ሰው ትዕግሥትና ብስለት ይሆናል።